«የአፍ መፍቻ» የማን ነው? የፊሽማን መለኪያ በአል-ሳሃፋ ቅይጥ ቤተሰቦች ሲፈተሽ

ጆሹዋ ፊሽማን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው የቋንቋ ሽግግርን ስለመቀልበስ የሚያትት መጽሐፍ ያቀረበው ባለ 8 እርከን መለኪያ፣ የቋንቋዎችን ይዞታ ለመመዘን ዛሬም ያገለግላል። እምብርቱ 6ኛው እርከን ነው፤ ቋንቋ በቤትና በሰፈር ከወላጅ ወደ ልጅ ካልተላለፈ ትምህርት ቤት ብቻውን አይታደገውም። መለኪያው ግን ቤቱን የአንድ ብሔረሰብ ቤት አድርጎ ይነሣል። በደቡባዊ ካርቱም የሚገኘው የአል-ሳሃፋ ሰፈር ይህን መነሻ ይፈትነዋል።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ከሱዳናውያን ጋር ተጎራብተው በኖሩበት በዚህ ሰፈር፣ እናቱ አማርኛ ተናጋሪ፣ አባቱ ሱዳናዊ የሆነ ልጅ አማርኛን ከእናቱ፣ በአባት የሚቆጠረውን ጎሣ ከአባቱ ይወርሳል። ፊሽማን ብሔረሰባዊ ማንነት በሌላ ቋንቋም ሊኖር እንደሚችል አልዘነጋም። ሆኖም ልጁ በአንድ ጊዜ የሁለቱም ወገን መሆኑ በእርከኖቹ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በዚህም የተነሣ የአባት ውርስ የሆነው አረብኛ አማርኛን እንደሚገፋ ባዕድ ቋንቋ ብቻ ይቆጠራል።

ስያሜውም ችግሩን ያወሳስበዋል። የአረብኛው አጠራር ቋንቋን በእናት ስም ይጠራል፤ የአማርኛው «አፍ መፍቻ» ቀዳሚነትን እንጂ ባለቤትን አያመለክትም። ሁለቱ እንደ አቻ የተተረጎሙበት መጠይቅ የሚሰበስበው መልስ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች የተሰጠ ነው።

የፊሽማን ጥንካሬ ለሰፈር በሰጠው ክብደት ይታያል። ለዚህም የአማርኛ የአክብሮት ሥርዓት ምስክር ነው። እናት ልጇን «አንተ» ወይም «አንቺ» ትላለች፤ «እርስዎ»ንና የ«እሳቸው»ን የግሥ እርባታ ልጁ አዘውትሮ የሚሰማው ጎረቤት፣ ቄስ፣ ለቡና የተጠሩ አዛውንት ሲኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት ነዋሪውን ሲበትን፣ ይህን ሥርዓት የሚያስተምረውን ጉርብትናም አፈረሰ።

በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል የገባ እንዲህ ያለ ልጅ አንድ የአፍ መፍቻ ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ቢቀርብለት፣ «አማርኛ» ተብሎ ሊሞላለት ይችላል። ይሁንና የሚናገረውን አማርኛ በፊደል ላያነብ፣ የሚያነበው አረብኛም ከመዝገብ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ የመለኪያው 6ኛ እርከን ይጠበቅ፤ ጥያቄው ግን ይዘርዘር፦ ልጁ ከማን ጋር፣ የት፣ በየትኛው ቋንቋ ይነጋገራል? በየትኛውስ ያነባል? የወገኑን ስም መምረጥ ለልጁ ይቆየው።