የባለቅኔው ዝምታ

በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበረው ቻይናዊ ባለቅኔ ዱ ፉ (712–770 እ.ኤ.አ.) የጭቁኑ ሕዝብ ድምፅ እየተባለ ሲወደስ ኖሯል። ውዳሴው ተገቢ ቢሆንም የጥበቡን ምሥጢር ግን አይገልጥም።

እ.ኤ.አ. በ755 የተቀሰቀሰው የአን ሉሻን ዓመፅ አገሪቱን እያመሰ ሳለ፣ በ759 ስለ ሺሃው መንደር የጻፈው ግጥም ለዚህ ምስክር ነው። ባለቅኔው በእንግድነት ባደረበት ቤት ለጦርነት ሰው የሚያፍስ ሹም በሌሊት ይደርሳል። ሽማግሌው አባወራ አጥር ዘሎ ያመልጣል። ሦስት ወንዶች ልጆቿን ለጦር ሜዳ ሰጥታ ሁለቱን በሞት ያጣችው አሮጊት ሚስቱ ግን፣ የሠራዊቱን ቁርስ እንኳ ላዘጋጅ ብላ ራሷን ታቀርባለች። ሲነጋ እንግዳው የሚሰናበተው ሽማግሌውን ብቻ ነው።

በ24ቱ ስንኞች ውስጥ ባለቅኔው አንዲት የውግዘት ቃል አይሰነዝርም። ይህን ዝምታ ከገለልተኝነት መቁጠር ስሕተት ነው። ከሹማምንት ቤተሰብ በመወለዱ ከግብር ክፍያም ሆነ ከውትድርና ነጻ የነበረው ዱ ፉ፣ ግድግዳ አልፎ የሚሰማው ሲቃ እርሱንም እንደሚከስሰው ያውቃል። የግጥሙ ኃይልም ከዚሁ ይመነጫል። ስለ ሕዝብ የሚጽፍ ሁሉ ከመናገር በፊት ማዳመጥ እንዳለበት ከዚህ ግጥም ይማራል።