«ፍቅር እስከ መቃብር»ና የጓዳው ሰው፦ ከማስተማር ልምድ የተነሣ ሂስ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ ማኅበራዊ መበላለጥ በልብወለዱ ውስጥ ያልተመረመረ ነገር የቀረ አይመስልም። የባላባቱና የባላገሩ ግንኙነት፣ የቤተ ክህነት ሚና፣ የጉዱ ካሳ ነቀፋ በየጊዜው ተጠንተዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ከእነዚህ ጎን ሊነሣ የሚገባውን አንድ ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ ልብወለዱ ከባላገሩም በታች ያለውን ሰው፣ ማለትም አሽከሩን፣ ገረዲቱንና የእጅ ባለሙያውን የት ያቆመዋል? ጥያቄውን ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፤ ተማሪ ናት።

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሆነችው በደባርቅ አማርኛ ሳስተምር፣ ልብወለዱን የማቀርበው እኔ ራሴ እንደተማርሁት ነበር። መጀመሪያ የሰብለወንጌልና የበዛብህ ፍቅር፣ ቀጥሎ የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ በመጨረሻ «የፊውዳሉ ሥርዓት ግፍ» ተብሎ ይጠቃለላል። በክፍሉ ውስጥ በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ክልል ተነሥተው ደባርቅ ከሰፈሩት የጊች ነዋሪዎች ልጆች ይገኙ ነበር። ጊች ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የነበረ፣ ገብስ የሚያርሱ ሙስሊሞች የሚበዙበት መንደር ነው። ከእነዚሁ ልጆች አንዷ በሰው ቤት እየሠራች የምትማር ነበረች። አንድ ቀን እጇን አወጣችና «መምህር፣ በዛብህ ሰብለን ሲያስተምራት፣ ጓዳ ውስጥ እንጀራ የሚጋግሩት ሴቶች ምን ይሉ ነበር?» አለችኝ። ክፍሉ ሣቀ። እኔም «ጥሩ ጥያቄ ነው» ብዬ አለፍሁት። ያለፍሁት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ወደ ድርሰቱ ስመለስ ያገኘሁት ይህ ነው። የታሪኩ ግጭት የቆመው በአጥንት ቆጠራ ላይ ነው። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ፣ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ድኻ ነው። ትምህርቱ የባላባቱን ደጅ ያስከፍትለታል፤ አጥንቱ ግን ከእልፍኙ ያስወጣዋል። ባላገሮቹም ቢሆኑ ዝም ብለው የሚገዙ አይደሉም። በአበጀ በለው መሪነት ያምፃሉ፤ ፊታውራሪንም ይማርካሉ። ስለዚህ ባላገሩ በልብወለዱ ውስጥ አንደበትም መሣሪያም አለው።

ጉዱ ካሳስ? የሥርዓቱ ዋነኛ ነቃፊ እሱ ነው። ነገር ግን ይህን ሁሉ ለመናገር የቻለው የባላባቱ ዘመድ በመሆኑ ጭምር ነው። ሌላው ቢቀር «ጉድ» ተብሎ ይታለፋል። ያንኑ ቃል አንድ አሽከር ቢናገረው ኖሮ «ጉድ» ተብሎ የሚታለፍ አይመስለኝም፤ ይገረፍ ነበር። እንግዲህ መበላለጥን የመንቀፍ ዕድሉ ራሱ በመበላለጥ የተደለደለ ነው። ይህን ነጥብ በክፍል ውስጥ ሳላነሣ ለብዙ ጊዜ ጉዱ ካሳን «የሕዝብ ድምፅ» ብዬ አስተምሬአለሁ። አሁን ሳስበው ስሕተት ነበር።

የልብወለዱ ተራኪ ሁሉን አወቅ ነው። ወደ ሰብለ ልብ ይገባል፤ የበዛብህን ፍርሃት ያውቃል፤ የፊታውራሪንም ኩራት ከውስጥ ያሳየናል። አገልጋዮችንም አይረሳም፤ ይላካሉ፣ ያስተናግዳሉ፣ ወሬ ያመጣሉ። ነገር ግን የታሪኩ ጉዞ በእነሱ ዓይን አይመራም። ለንጽጽር ያህል የህንዳዊውን የሙልክ ራጅ አናንድን «አንተቸብል» እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1935 የታተመው ይህ ልብወለድ የአንዱን ጠራጊ የባካን የአንድ ቀን ውሎ ይተርካል። ባካ መንገድ ላይ ሳያስበው የላይኛ ዘር ሰው በመንካቱ ይሰደባል፤ ይመታል። አንባቢው ጥፊውን የሚቀበለው ከባካ ጋር ሆኖ ነው።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው «ይህ የህንድ ነው፤ እኛ ዘንድ የለም» አሉ። እኔም ማረሻውን ማን ይሠራ እንደነበር ጠየቅኋቸው። ቤተ እስራኤላውያን አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ፣ በስሜንና በወገራ ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበሬው ማረሻቸውን ይገዛል፤ ዓይናቸውን ግን ይፈራል፤ «ቡዳ» ይላቸዋል። በቀድሞው የሰሜን ኢትዮጵያ የርስት ሥርዓት ሙስሊሙም በአብዛኛው ባለርስት አልነበረም። ከዚህ በኋላ ክፍሉ ዝም አለ።

«ደራሲው የጻፉት ስለ ዘመኑ ነው» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። እውነት ነው። መሬት በአዋጅ የሕዝብ የሆነው በ1967 ዓ.ም. ነው፤ ሐዲስ ከዚያ 9 ዓመት አስቀድመው፣ በዘውዱ ዘመን፣ ይህን ያህል መድፈራቸው ሊመሰገን ይገባል። ሆኖም ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሮ ነበርና፣ ልብወለዱ ሲጻፍ የጓዳውን ሰው ከውስጥ ለማየት የሚከለክል ሕግ አልነበረም። በእኔ አስተያየት ይህ የጭብጡ ሳይሆን የአተራረኩ ወሰን ነው። ደራሲው ግድግዳውን አሳይተውናል፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን መጠየቅ የአስተማሪው ፋንታ ነው።

ስለዚህ በማግሥቱ ተማሪዎቹ አንድ የእልፍኝ ትዕይንት መርጠው በጓዳ ሰው አንደበት እንደገና እንዲተርኩት አደረግሁ። ብዙዎቹ አገልጋዩን አስለቀሱት፤ አንዳንዶቹ አሸፈቱት። ያቺ ተማሪ የጻፈችው ግማሽ ገጽ ብቻ ነው። በእሷ ትረካ ገረዲቱ አታለቅስም፤ ስለ ሰብለም ፍቅር አንዳች አትናገርም። በዛብህ ሲያስቆጥር ድምፁ በግድግዳው በኩል ይሰማታል፤ እሷም እያቦካች ፊደሉን በቃሏ ትይዛለች። መልኩን ግን አይታው አታውቅም።

የሥነ ጽሑፍ ትምህርት በጭብጥ ዝርዝር የሚያበቃ ከሆነ እንዲህ ያለ ንባብ ቦታ አያገኝም። ልብወለዱን የምናስተምር ሁሉ ማን እንደተናገረ ብቻ ሳይሆን፣ ሲነገር በዚያ ቤት ውስጥ ማን ሆኖ ይሰማ እንደነበር እንድንጠይቅ አሳስባለሁ። ከሰሚዎቹ አንዷ የተቀመጠችው ከእኛው ክፍል ወንበር ላይ ነው።