ውሃ የማይነቅለው መጋጠሚያ

የግቢ ንጣፍ የሚመዘነው በድንጋዩ ውበት ብቻ አይደለም፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል በተሞላው ነገርም ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለመማር ከላቫጆ የተሻለ ቦታ አላውቅም። በየቀኑ በግፊት ውሃ የሚመታ ወለል የተደበቀውን ሁሉ ያወጣል።

መሙያ ከመምረጥ በፊት ከሥር ያለውን መጠየቅ ይገባል። በአሸዋ ላይ የተደረደረ ኮብልስቶን መኪና ሲያልፍበት በጥቂቱ ይንቀሳቀሳል። በእሱ መካከል ሲሚንቶ ማፍሰስ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ሲሚንቶው ስለማይተጣጠፍ ከድንጋዩ ጠርዝ በፀጉር ቅጥነት ይላቀቃል፣ ውሃውም በዚያ ገብቶ ቁራሹን እንዳለ ይነቅለዋል። ለእንዲህ ያለው ንጣፍ የሚሆነው የተፈጨ አሸዋ ነው። ማዕዘናም ስለሆነ እርስ በርሱ ይናከሳል፤ ውሃ ቢጠርገውም መልሶ መሙላት ቀላል ነው።

ከሥሩ ኮንክሪት ካለ ግን ሞርታር ይሻላል፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ፣ እስከ ታች ድረስ ተጠቅጥቆ። ብዙው ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ላዩን ብቻ የተለሰነ መጋጠሚያ ሲያዩት ያምራል፣ ሲመቱት ግን ባዶ ድምፅ ይሰጣል። በቁልፍ ጫፍ ጫር አድርጉት፤ ዱቄት ከወጣ ወይ ሲሚንቶው አንሷል፣ ወይ ውሃ ሳይጠጣ ፀሐይ አድርቆታል። በድንጋዩ ፊት ላይ የተለጠፈ ስስ ሲሚንቶ ካያችሁም ቀድሞ የሚነሣው እሱ ነው። ጥሩ ግንበኛ መሙያውን ከድንጋዩ ፊት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጎ ይጨርሰዋል።

ደረቅ ሲሚንቶና አሸዋ በመጥረጊያ ሞልቶ ውሃ መርጨትን አልቀበልም። ውሃው ላዩን ብቻ ያጠነክራል፤ ከሥር ያለው ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ኢፖክሲ ያለበት መሙያ ውድ ቢሆንም ጠንካራ መሠረት ላይ ዋጋውን ይመልሳል፤ ክፍተቱ ግን ንጹሕና በቂ ጥልቀት ያለው ይሁን። ውሃ ሲነካው የሚጠነክረው ፖሊመር አሸዋ ለእግረኛ መንገድ መልካም ነው፤ በቅርብ የሚወረወር ውሃ ግን ይሰብረዋል።

አጣቢውም ድርሻ አለው። ውሃው እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ፣ ከ30 ሴንቲሜትር ያላነሰ ርቆ፣ አግድም ይረጭ እንጂ የመጋጠሚያውን መስመር ተከትሎ አይውጋ።

ሞርታር ከሆነ 28 ቀን ሳይሞላ ቀሪውን ክፍያ አትልቀቁ። ያን ጊዜ አንዱን ጥግ በዚሁ አኳኋን አሳጥቡና ውሃው የሚሄድበትን ቦይ ተመልከቱ፤ አሸዋ ከተጠራቀመበት ያ ጥግ ተፍቆ እንደገና ይሞላ።