የካይሮ መግለጫ ከሐዋሳ ሲታይ፦ የመብትን ወሰን ማን ያበጃል?

የእስልምና ጉባኤ ድርጅት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ1990 በካይሮ ያጸደቁት የሰብዓዊ መብት መግለጫ በ24ኛና በ25ኛ አንቀጾቹ የዘረዘራቸው መብቶች ሁሉ በሸሪዓ የተወሰኑ መሆናቸውን፣ መተርጎሚያቸውም ሸሪዓ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። መብት የአላህ ስጦታ እንጂ የገዢዎች ችሮታ አለመሆኑን ማስረገጡ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ሸሪዓን የሚተረጉመው ማን እንደሆነ አይናገርም። በዚህ ዝምታ ምክንያት ትርጓሜው ለየአገሩ መንግሥት ይቀራል፤ ከገዢዎች እጅ የወጣ የመሰለው መብት ተመልሶ በእጃቸው ይወድቃል። ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2020 መግለጫውን አሻሽሎታል።

ሰነዱ ሙስሊሙ አናሳ በሆነባት ሐዋሳ ሲነበብ ጥያቄው ይከብዳል። የመብትን ወሰን የብዙኃኑ እምነት ያበጃል ካልን፣ የራሳችንን ሒጃብ፣ መስጊድና መካነ መቃብር ለሌላው ፈቃድ አሳልፈን እንሰጣለን። ለካይሮ አንድ ሚዛን፣ ለሐዋሳ ሌላ ሚዛን መያዝ ደግሞ ዐድል አይደለም። በዚህች ከተማ የሙስሊሙ ጋሻ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ27ኛው አንቀጽ ለሁሉም በእኩል የሰጠው የእምነት ነፃነት ነው። ይህም ነፃነት ያለ ወሰን አልተተወም፤ ነገር ግን ወሰኑ የሕዝብ ደኅንነት፣ ሰላም፣ ጤና፣ ትምህርትና ሞራል እንዲሁም የሌሎች መብት እንጂ የብዙኃኑ እምነት አይደለም።

የአገራችን ሕግም ከሂስ አያመልጥም። 34ኛው አንቀጽ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሸሪዓ እንዲታይ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት በአንድ የውርስ ክርክር ያለ ፈቃድ የተሰጠውን የሸሪዓ ፍርድ የሻረው በዚሁ መሠረት ነበር። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992 ግን መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበን ሰው እንደተስማማ ይቆጥራል። ፈርታ ወይም ተከልክላ ከቤት የቀረች ሴት ዝምታ ፈቃድ ሊባል አይገባም።

ፈቃድ ከባዕድ የመጣ ሐሳብ አይደለም። የሱረቱል በቀራ 256ኛ አንቀጽ በሃይማኖት ማስገደድን ይከለክላል፤ ኒካሕም ያለ ፈቃድ አይጸናም። ኢማም አል-ገዛሊ የሸሪዓ ዓላማዎች ያሏቸው አምስቱ ጥበቃዎች፣ ማለትም ሃይማኖት፣ ሕይወት፣ አእምሮ፣ ዘርና ሀብት፣ የሰው ልጅ ሁሉ የሚፈልጋቸው ናቸው። ስለዚህ ኢማሞቻችን ባለጉዳዮችን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከመምራታቸው በፊት የሁለቱንም ወገን ፈቃድ ከየራሳቸው አንደበት ቢሰሙ፣ ከሸሪዓውም ከሕገ መንግሥቱም ጋር ይስማማሉ።