«መስተዋት»፣ «መጅ» እና «ኃይል»፤ ስለ ቴሌስኮፕ በተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ ሒስ

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ በምትገኘው ዘንዘልማ፣ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ግቢ ባለበት አካባቢ፣ ኮከብ ለመመልከት ከተሰበሰቡ ወጣቶች ጋር አንድ ምሽት አሳልፈን ነበር። ስንለያይ አንድ የተባዛ ጽሑፍ ሰጡን። የቴሌስኮፕ መስተዋት እንዴት እንደሚሠራና ለኮከብ ምልከታ የትኛው ቴሌስኮፕ እንደሚመረጥ የሚያስተምር፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ረቂቅ ነው። ተርጓሚው ስሙን አልጻፈበትም። ዐረፍተ ነገሮቹ የጠሩ፣ ድካሙም የሚመሰገን ነው። የምንነቅፈው ጥቂት ስያሜዎችን ነው፤ ይኸውም ጽሑፉን የሚጠቀምበት ሰው ገንዘቡንና የብዙ ሳምንት ጉልበቱን በእነዚህ ቃላት ላይ ተማምኖ ስለሚያወጣ ነው።

በመጀመሪያ «መስተዋት»ን እንመልከት። ግእዝ ቁሱን «ማህው»፣ ፊት የሚታይበትን ደግሞ «መጽሔት» ብሎ ይለያል። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሏቸዋል፤ የመስኮቱም መስተዋት ነው፣ የጸጉር አስተካካዩም መስተዋት ነው። በዕለት ንግግር ዐውዱ ስለሚለየው ጉዳት የለውም። ረቂቁ ግን «መስተዋቱ ሲያልቅ በብር ይለበጣል» ይላል። በየትኛው ፊቱ? አንባቢ የሚያውቀው የቤት መስተዋት የሚለበጠው በጀርባው ነው። የቴሌስኮፕ መስተዋት ግን የሚለበጠው በፊቱ ነው፤ ብርሃን ወደ ብርጭቆው ሳይገባ ከላይ ካለው ስስ ብረት ላይ ይመለሳል፣ ብርጭቆው ቅርጹን ተሸካሚ ብቻ ነው። ጀርባውን የለበጠ ሰው በፊቱ ላይ ያፈሰሰው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

መስተዋትነት ከብርጭቆነት የተለየ ስለመሆኑ ምስክር አይጠፋም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1668 የሠራው መስተዋት የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ወደ ሕዋ የተላከው የዌብ ቴሌስኮፕ 18 መስተዋቶችም በወርቅ የተለበጡ የቤሪልየም ገበታዎች ናቸው። በኦሪት ዘጸአት 38፥8 የሴቶቹ መስተዋት ለናስ መታጠቢያ ሥራ መዋሉን ያነበበ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

ታዲያ «መጽሔት»ን እናስነሣው? ከሥራ ጓደኞቻችን አንዱ ይህን አሳስቦን ነበር። «የቴሌስኮፕ መጽሔት» ቢባል ግን አንባቢ የሚፈልገው ከጋዜጣ መሸጫ ነው። ቃሉ ሌላ ቤት ገብቷል፤ አናፋታው። ለቁሱ «ብርጭቆ» ይበቃል፤ «ጠርሙስና ብርጭቆ» የሚለው የፋብሪካ ስም ሕዝቡን ለምዶታል። «መስተዋት» ለሚያንጸባርቀው ፊት ብቻ ይዋል።

ከሁሉም ያስደሰተንና ያወያየን የፍትጊያው ክፍል ነው። ሁለት ክብ ብርጭቆዎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው፣ በመካከላቸው ሻካራ ዱቄትና ውኃ እየተጨመረ፣ ወደፊትና ወደኋላ ይፋተጋሉ። ተርጓሚው የላይኛውን «መጅ»፣ የታችኛውን «ወፍጮ» ብሎታል። ይህን የመሰለ ስያሜ ከመዝገበ ቃላት ኮሚቴ አይወጣም፤ እህል ሲፈጭ ካየ ዓይን የወጣ ነው። ሆኖም አንድ ችግር አለበት። በቤታችን ወፍጮ በዘመን ብዛት የሚጎደጉደው የታችኛው ድንጋይ ነው፤ መጁ ትንሽ ስለሆነ መካከሉን ይበላዋል። በብርጭቆው ሥራ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱ እኩል ስፋት ስላላቸው የላይኛው በእያንዳንዱ ግፊት ከታችኛው ጠርዝ ያልፋል፤ ጫናው በላይኛው መካከልና በታችኛው ጠርዝ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የላይኛው ይጎደጉዳል፣ የታችኛው ያብጣል። መስተዋት የሚሆነው «መጁ» ነው ማለት ነው። ረቂቁ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስጠነቅቅ ስያሜውን ባልነቀፍን ነበር። «መውቀር» የሚለው ግሥ ግን ከነጭራሹ መውጣት አለበት፤ ወፍጮ የሚወቀረው በምት ነው፣ ብርጭቆን የወቀረ ሰው ስብርባሪ ያተርፋል። «መፋተግ» ይበቃዋል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ በዝፍት ገበታ ላይ ማለስለስ ነው፤ ረቂቁ «መወልወል» ስላለው ጨርቅ የሚያነሣ አይጠፋም። ከዚያም ጉድጓዱን ከሉል ቁራጭነት ወደ ፓራቦላዊ ቅርጽ ማስያዝ ይከተላል። እዚህ የሚፈቀደው ስሕተት ከአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 70 ናኖሜትር ገደማ ነው። ረቂቁ ግን «በጣም ትንሽ» ብሎ አልፎታል። መጠን ባለበት ቦታ ቅጽል መተካት የትርጉም ነፃነት አይደለም።

ስለ ታላላቆቹ መስተዋቶች የተጻፈው አንቀጽ የተሻለ ነው። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ባለ 8.4 ሜትር መስተዋቶች በሚሽከረከር ምድጃ ውስጥ ይቀለጣሉ፤ ሽክርክሪቱ ራሱ የቀለጠውን ብርጭቆ ወደ ፓራቦላ ያስጠጋዋል፤ ክብደቱ እንዲቀንስም ውስጡ ባለ ስድስት ጎን ባዶ ክፍሎች ይደረጉበታል። ተርጓሚው ይህን «የማር እንጀራ» ብሎታል። የጎጃም ንብ አርቢ ፍቺ ሳይጠይቅ ይረዳዋል፤ እኛም የምንጨምርበት የለንም።

ስለ ምርጫ የሚናገረው ክፍል የሚሰናከለው «ኃይል» በሚለው ቃል ነው። እንግሊዝኛው ማጉላትን ለማለት የሚጠቀምበትን ቃል በቀጥታ ስለመለሰው «ኃይሉ የበዛውን ምረጡ» የሚል ምክር ወጥቶታል። ቴሌስኮፕን «አጉሊ መነጽር» የማለቱ ልማድም ይህንኑ ስሕተት ያጠናክራል። ቴሌስኮፕ በመጀመሪያ ብርሃን ሰብሳቢ ነው፤ የሚሰበስበውም በስፋቱ ልክ ነው። ባለ 200 ሚሊሜትር መስተዋት ከባለ 100 አራት እጥፍ፣ በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የእንጦጦ መመልከቻ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከባለ 200ው 25 እጥፍ ይሰበስባሉ። የሚጠቅመው ማጉላት ለአንድ ሚሊሜትር ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 60 ሚሊሜትሩ ካርቶን ላይ «500 እጥፍ» ተብሎ ቢጻፍ ከ120 በላይ ያለው ብዥታ ነው። «የማጉላት መጠን» እና «የመስተዋት ስፋት» ተብለው ይለዩ፤ መሣሪያው «ቴሌስኮፕ» ይባል።

የመቆሚያውን ዘንግ ለማስተካከል ረቂቁ 51 ዲግሪ ኬክሮስ እንደያዘ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ለአውሮፓ ሰው ስለተጻፈ ይመስለናል። (ኬክሮስ በባሕረ ሐሳብ የዕለት ስድሳኛ ክፍል እንደነበር እግረ መንገዳችንን እናስታውሳለን።) ዘንዘልማ ከ12 ዲግሪ በታች ናት፤ የሰሜን ኮከብ እዚያ ከአድማስ ብዙ አትርቅም።

ያረምነውን ቅጂ ለወጣቶቹ መልሰናል። «ብርጭቆ»ን ተቀብለዋል፣ 51 ዲግሪውንም ሰርዘዋል። «መጅ»ን ግን ማስጠንቀቂያውን ጨምረው እንደሚያቆዩት ነግረውናል።