ባለ 9 ዶላሩ ኮምፒውተር

እ.ኤ.አ. በ2015 ኔክስት ቲንግ የተባለ የካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ትንሽ ኩባንያ ኪክስታርተር ላይ ወጥቶ «ቺፕ» የሚል ስም የሰጠውን ባለ አንድ ቦርድ ኮምፒውተር በ9 ዶላር እሸጣለሁ አለ። የጠየቀው 50,000 ዶላር ነበር፤ ያገኘው ግን ከ2 ሚሊዮን በለጠ። በዚያ ዋጋ 1 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ 4 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ዋይፋይና ብሉቱዝ ይገኝ ነበር። የወቅቱ ተፎካካሪ ራስበሪ ፓይ 2 ዋጋው 35 ዶላር ሆኖ ዋይፋይ እንኳ አልነበረውም።

በ2018 ኩባንያው ከስሮ ተዘጋ።

ያም ሆኖ ዛሬም የሚሠሩ ቺፖች አሉ። የትኛው ቦርድ ከሠሪው በላይ እንደሚኖር፣ የትኛው አብሮ እንደሚሞት አስቀድሞ ማየት ርካሽ ቦርድ ለሚመርጥ ሰው ትልቁ ችሎታ ነው። ቺፕ ላይ ሲስተም የሚጫነው ከኩባንያው ሰርቨር እየወረደ ስለነበር፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ የደረሱለት ፋይሎቹን ገልብጠው ያስቀመጡ ተጠቃሚዎች ናቸው። ሌላው ያቆየው ነገር ኩባንያው በደህናው ጊዜ የሠራው ሥራ ነው፦ ፍሪ ኤሌክትሮንስ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት ቀጥሮ የቦርዱን ድጋፍ ወደ ዋናው የሊኑክስ ከርነል አስገብቷል። ርካሽ ቦርድ የሚገዛ ሰው ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለበት ይህ ድጋፍ መኖሩን ነው።

የቺፕ ደካማ ጎን ማከማቻው ነበር። ቦርዱ ላይ የተበየደው ናንድ ፍላሽ በአንድ ሴል ሁለት ቢት የሚይዝ ዓይነት ነው፤ መረጃ እየተጻፈ መብራት ቢቋረጥ፣ አዲሱ ብቻ ሳይሆን ቀደም ብሎ በሰላም የተጻፈውም ሊበላሽ ይችላል። ነቅሎ መቀየር ደግሞ አይቻልም።

ከሳን ሆዜ ጎን ባለችው ሳንታ ክላራ የሚገኘው ማርቬል በ2009 ያወጣው ሺቫፕለግ በዚህ ረገድ ይሻላል። ሲያዩት ወፈር ያለ ቻርጀር ይመስላል፤ ሶኬት ላይ ሲሰካ ግን የኔትወርክ ገመድና ዩኤስቢ የሚቀበል፣ 1.2 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ያለው ሙሉ ሰርቨር ነው። ዋጋው 99 ዶላር ነበር። የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ ስላለው ሲስተሙን ካርድ ላይ ጭኖ ማሠራት ይቻላል፤ ካርዱ ሲያረጅ ሌላ ይገባለታል። ዴቢያንም ከአሥር ዓመት በላይ ደግፎታል።

የእነዚህ ቦርዶች ትርፍ የሚታየው በመብራት ሂሳብ ላይ ነው። ቀንና ሌሊት እየሠራ 5 ዋት የሚወስድ ቦርድ በዓመት 44 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ 100 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ 876። ኪሎዋት ሰዓቱ በ40 ሳንቲም ቢታሰብ፣ የመጀመሪያው 18 ዶላር ገደማ፣ ሁለተኛው 350 ዶላር ይሆናል። የቤተሰብ ፎቶ ለማስቀመጥ ወይም የማስታወቂያ ማገጃ ለማሠራት ዴስክቶፕ ማብራት ኪሳራ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ ባሕር ወሽመጥ አካባቢ ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለ። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የአማርኛ ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ዋይፋይ ያለው ራስበሪ ፓይ ላይ ተጭኖ አንድ ትምህርት ቤት ቢቀመጥ፣ ተማሪዎች በስልካቸው ተገናኝተው ያነባሉ፤ ፊደሉን የሚያሳየው ስልኩ ስለሆነ ቦርዱ ላይ ፎንት መጫን እንኳ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የኦክላንዱ ቺፕ ይናፍቃል። የሊቲየም ባትሪ መሰኪያና ባትሪውን የሚሞላ ክፍል ቦርዱ ላይ ነበረው፤ መብራት ሲሄድ ሳያቋርጥ በባትሪው ይቀጥላል። ለኢትዮጵያ መብራት ከዚህ የተሻለ ነገር በ9 ዶላር አልተሠራም። ኤንቪዲያ በ2019 ሳን ሆዜ ላይ ያስተዋወቀው ባለ 99 ዶላሩ ጄትሰን ናኖ ምስል በመለየት እጅግ ይበልጠዋል፤ ባትሪ የሚሞላ ክፍል ግን የለውም። ራስበሪ ፓይም እንዲሁ ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋበት ካርዱ ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ ፓይ ይዞ የሚሄድ ሰው ሁሉን ጭኖ ከጨረሰ በኋላ፣ በፓይ ማስተካከያ ውስጥ ያለውን ኦቨርሌይ የሚባል ምርጫ ማብራት አለበት፤ ያን ጊዜ ሲስተሙ ካርዱን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። እየሞላ የሚሰጥ ፓወር ባንክ ከመካከል ቢገባ ደግሞ የተሻለ ነው። ተመሳሳዩን ካርድ ገልብጦ፣ የተጫነበትን ቀን ጽፎበት፣ ቦርዱን ለሚረከበው መምህር በእጁ መስጠት፤ ሄዶም አብሮት ቁጭ ብሎ አንዴ ካርዱን ማስቀየር።