አህያውን ማን በላው?

የ14 ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ «ተረት ተረት» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። «የላም በረት» የሚለውን መልስ አሳምሮ ያውቀዋል፤ አፉን ግን አይከፍትም። ተረት የታናሽ እህቱ ነው። እሱ ስልክ አለው፣ ኳስ አለው፣ የሚያስጨንቀው ፈተና አለው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ከእንዲህ ዓይነት ልጆች ጋር ተረት ይዤ የምቀመጥ ሰው ስለሆንኩ ይህን የተዘጋ ፊት ለምጄዋለሁ። እንደሚመስለኝ ልጁን የሚያሸሸው ከተረቱ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ከዚህ ተረት ምን እንማራለን?»

ጥያቄው ለትንንሾቹ ክፋት የለውም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ42 ዓመታት ያህል በቴሌቪዥን ተረት የነገሩን አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ከጨዋታው ጋር ምክር ያስከትሉ ነበር፤ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በቃሉ የሚወጣ ትውልድም ታሪኩን ከነምክሩ ነው የያዘው። እኔም የዚያ ልጅ ነኝ። ነገር ግን ድምፁ መጎርነን የጀመረ ልጅ ምክር ከየአቅጣጫው ይዘንብበታል፤ ከቤት፣ ከትምህርት ቤት፣ ከቤተ እምነት፣ ከሰፈር። ተረትም በመጨረሻው ምክር ሆኖ ሲገኝ፣ እያጫወቱት መጥተው ጉድጓድ ውስጥ የጣሉት ያህል ይቆጥረዋል። እውነቱን ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላም የቃል ጥበብ አለ፤ ከተረት ጋር ማን እንዳለያየው ግን አይገባኝም። በልሃ ልበልሃን ማለቴ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን እየሰነዘሩ፣ እየተወራረዱ፣ ነገርን በምሳሌና በቅኔ እየጠቀለሉ የሚሟገቱበት የጥንቱ ችሎት። ተላላፊ መንገደኛ እንኳ ዳኛ ሆኖ ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ሰው ደግሞ ሊያየው የሚሰበሰበው ለፍርዱ ብቻ አልነበረም፤ አንደበት ሊሰማ ነው። እኔ የማደርገው ይህንኑ ነው፦ ተረቱን እነግራቸውና ምክር ሊመጣ ነው ብለው በሚጠብቁበት ቦታ ላይ ችሎት እከፍታለሁ።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው የነአንበሳን ስብሰባ ነው። ድርቅ ገባ፣ ዝናብ ጠፋ፤ እንስሳት ተሰበሰቡና «ኃጢአታችን ነው፣ እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ ሰብሮ መብላቱን ተናዘዘ። ነብር ፍየል መንጠቁን፣ ጅብ ከመንደር ዶሮ መስረቁን ተናዘዙ። ለሦስቱም የተሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» አህያ በበኩሉ ጌታው መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲያወራ ዳር ዳሩን ጥቂት ሣር መንጨቱን ተናገረ። ሁሉም ጮሁ፦ «ዝናቡን ያስቀረህብን አንተ ነህ!» ተረባርበውም በሉት።

አነጋገሩ ላይ ብዙ አስቤበታለሁ። አንበሳውን ስናገርለት አላገሳም። ዝግ ባለ፣ ጨዋ በሆነ ድምፅ ነው የማመጣው። ልጆቹ የሚያውቁት ጉልበተኛ ሁልጊዜ አይጮህም፤ «እስቲ እንነጋገር» ብሎ የሚጀምርም አለ። አህያው ላይም አላስቅበትም። ምላሱን ካኮላተፍኩት፣ ጆሮውን እያወዛወዝኩ ካሳየሁ፣ አድማጩ ይስቅና ፍርድ ሳይሰጥ ከነአንበሳ ወገን ቆሞ ይገኛል። ስለዚህ አህያው የሚናገረው በእኔው ድምፅ፣ ምንም ሳላሳምረው ነው። «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው!» የምትለዋን ደግሞ ለራሴ አላስቀራትም፤ እጄን አነሳለሁ፣ ልጆቹ በአንድ ላይ ይቀበሉኛል። «የላም በረት» ለማለት ያፈረው ልጅ እንኳ ይህችን ይላታል፣ ስለምታስቅ። ለአንበሳ አሉ፤ ለነብር አሉ፤ ለጅብ ጮክ ብለው አሉ። አህያው ተናዞ ሲጨርስም በለመደው አፋቸው ይሉለታል። ያን ጊዜ እኔ በዚያው በጨዋው የአንበሳ ድምፅ «አይ፣ ይሄስ ከባድ ነው» እላለሁ። ክፍሉ ይደናገጣል። ቃሉ የእነሱ መስሏቸው ነበራ።

ከዚያ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተከሳሹ ማነው?

ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚከሰሰው አንበሳ ነው፤ ይህ ቀላሉ ክስ ነው። ቀጥሎ ጅብ ይከሰሳል፣ «አንተም ሌባ ሆነህ ሳለ እንዴት ፈራጅ ሆንክ» ተብሎ። አንዳንዴ አህያው ራሱ ይከሰሳል፤ «ሣር በል ብሎ የፈጠረውን አምላክ ይቅርታ የጠየቀ ሞኝ ነው፣ ዝም ቢል ኖሮ ይተርፍ ነበር» የሚል ጠበቃ ይነሳል። አንዲት ልጅ ተነስታ እኛኑ ከሰሰችን፦ «ለሦስቱ ያልነው ተሰማ፤ ለአራተኛው ያልነው አልተሰማም። እንግዲያው መጀመሪያውኑ ስንል የነበረው የእኛን ቃል ነው ወይስ የአንበሳን?» ይህን ክርክር ከእኔ ምክር አላገኘችውም፤ ሲቀበሉ ከዋሉ አፎች መሀል ነው ያወጣችው።

ችሎቱ ሕግ አለው። የሚናገር ይቆማል። ለመልስ የተነሳ ሰው አስቀድሞ የባላጋራውን ቃል ይደግማል፤ ባላጋራው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ካላለ መልስ የለም። ከሁሉም የሚከብዳቸው ይህ ነው፤ ከሁሉም የሚጠቅማቸውም ይመስለኛል። ዳኛ የሚሆነው ያን ቀን ብዙ ያልተናገረ ልጅ ነው። ፍርዱ አጭር ቢሆን ግድ የለም፤ ምክንያቱ ግን ከተረቱ ውስጥ መምጣት አለበት። «ደስ ስላለኝ» ፍርድ አይደለም። እኔ ዳኛ አልሆንም። ፍርዱ ያልተዋጠልኝ ቀንም ምላሴን ነክሼ እቀመጣለሁ፤ ያለበለዚያ «ምን እንማራለን» የሚለው ጥያቄ በጓሮ በር ተመልሶ ይገባል።

አንድ ሌላ ሕግ ለራሴ አለኝ፦ «ያንተስ ቤት እንዴት ነው?» ብዬ አልጠይቅም። ተረት መከለያ ነው። ልጁ ስለ ጅቡ ሲናገር ስለ ጅብ ነው የተናገረው፤ ማንም የእሱን ጅብ ስም አይጠይቀውም። ድምፁ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ፣ አያለሁ። ሊያወራኝ ከፈለገ ከጨዋታው በኋላ ወንበር ሲሰበሰብ ይቆያል።

አስቸጋሪዎቹ ተረቶች ብዙ ጊዜ በጣም የተወደዱት ናቸው። ሴትዮዋ የባሏን ፍቅር የሚመልስ መድኃኒት ትለምናለች፤ ሽማግሌው «የአንበሳ ጸጉር አምጪ» ይላታል፤ ሥጋ እየጣለች ቀስ በቀስ አንበሳውን አላምዳ ጸጉሩን ትነቅላለች፤ «ባልሽንም እንዲሁ አላምጂው» ትባላለች። ይህን ለሴቶች ልጆች እንዲሁ ነግሮ መነሳት ለእኔ በደል ነው፤ መደበቁም አይረዳም፣ በየሠርጉ ይሰሙታልና። ስለዚህ ሌላውን አነጋገር ጎን ለጎን አመጣለሁ፤ በዚያኛው ሴትዮዋ የእንጀራ እናት ናት፣ የምታላምደውም እናቱን ያጣ ልጅ ነው። ሥጋውም አንበሳውም ያው ነው። ታዲያ ክርክሩ ይጀመራል፦ ትዕግሥት ለተጎዳ ልጅና ለሚያስቀይም ባል እኩል ይከፈላል? ወንዶቹ ልጆች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ «አንበሳውስ ከራሱ በኩል ምን አደረገ?» ሲባሉ ግን መልስ ፍለጋ ይራወጣሉ።

ተረትን በጥያቄ መተው የእኔ ፈጠራ አይደለም። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ እንዲህ የሚቋጩ ተረቶች ሞልተዋል፤ ዊልያም ባስኮም የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. አንድ ሙሉ መጽሐፍ አድርጎ አሰባስቧቸዋል። እኔ የምወደው የላይቤሪያውን ነው። አዳኝ ጫካ ገብቶ ይቀራል። ያን ጊዜ ያልተወለደው ትንሹ ልጅ አፍ ሲፈታ «አባቴ የታለ?» ይላል። ታላላቆቹ ያኔ ፍለጋ ይወጣሉ፤ አንዱ አጥንቱን ይገጥማል፣ አንዱ ሥጋ ያለብሰዋል፣ አንዱ ደም ይሞላዋል፣ አንዱ እስትንፋስ ይሰጠዋል። ተነስቶ የተመለሰው አባት ያማረ የላም ጭራ ሠርቶ «ለማን ልስጠው?» ይላል። ተረቱ የራሱ ፍርድ አለው፤ እኔ እዚያ ሳልደርስ አቆማለሁ። የእኛ ልጆች ለሐኪሞቹ ሲያደሉ አይቻለሁ፤ አጥንት የገጠመው ትልቅ ሙያ ያለው ይመስላቸዋል። ስለ ትንሹ ልጅ የሚቆም ጠበቃ ዘግይቶ ነው የሚገኘው፣ ሲገኝም ብዙውን ጊዜ በቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው።

ተረት ከቤት አምጡ ስል በቤታቸው ቋንቋ እንዲጀምሩ እፈቅዳለሁ፤ የማይገባቸው ጓደኞቻቸው ፊቱንና እጁን እያዩ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ይደገማል። ብዙ ቤት ግን ለሥራ የሚሮጥ ወላጅ እንጂ ተረት የሚነግር አያት የለም። የሰሞኑ ተረትም ስለዚህ ይቆጠራል። አህያ፣ ውሻና ፍየል በመኪና የተሳፈሩበትን የማያውቅ የለም፦ አህያ ሒሳቡን በልኩ ከፈለ፣ ውሻ ከፍሎ መልሱን ሳይቀበል ቀረ፣ ፍየል ሳይከፍል ወርዶ ሮጠ። ለዚያ ነው አህያ መኪና ሲመጣ ንቅንቅ የማይል፣ ፍየል የሚሸሽ፣ ውሻ እየጮኸ የሚያሳድድ። ፈጣሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ መኪና ከመጣ በኋላ የተወለደ ተረት መሆኑ ግን ግልጽ ነው፣ ልጆቹም ሥራው እንዳላለቀ የሚረዱት በእሱ ነው።

የውሻው ክስ አሁን በቀጠሮ ላይ ነው። ከሳሽ «መልሴን» ይላል። የረዳቱ ጠበቃ፣ ረዥም ሹሩባ የተሠራች ልጅ፣ ደንበኛዬ ያኔ ዝርዝር አልነበረውም ብላ ተከራክራለች፤ ደግሞም ውሻው የሚያሳድደው ያንን መኪና ነው ወይስ ያገኘውን ሁሉ? ዳኛው ጊዜ ስጡኝ ብሏል፤ የውሻው ወገኖች እስከሚመጣው ቅዳሜ እውነተኛ የታክሲ ረዳት ለምስክርነት እናመጣለን እያሉ ነው።